የውኃ አባት ልጅና የታረመችው ዓረፍተ ነገር

ስማ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህም እንዳልሰማ አትለፍ! በዳሞት አፈር ላይ የምትኖር ባለ ርስት፣ ባለ ባጃጅ፣ ባለ ወንበርና ባለ ወሬ ሁሉ እወቅ! በፍኖተ ሰላም ከተማ፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት፣ በቆርቆሮ በተከለለችው ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ የሰው ማመልከቻ ስትተይብ የምትውለው ማርያማዊት እንዳለው ከእንግዲህ ታላቅ ሰው ናት። ግዛቷ አንድ ወረቀት የሚያኝክ ማሽን ነው። ሠራዊቷ አንድ ስቴፕለር ነው፤ እሱም ሽቦ የለውም። ዘውዷ አበባ የተሣለበት ፔርሙስ ነው። ይህን ሁሉ ክብር ያገኘችው በአንዲት ዓረፍተ ነገር ነው። የዓረፍተ ነገሯ ባለቤት ማን እንደሆነ ግን ቆይተን እናያለን።

ነገሩ የጀመረው በቅዳሜው ጉባኤ ነው። በከተማዋ ፊልም እንሠራለን የሚሉ ሰዎች አሉ። ሠርተው አያውቁም፤ ለመሥራት ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአንድ ሻይ ቤት ጓሮ ከማንጎ ዛፍ ሥር ይሰበሰባሉ። የሚሠሩት ሎግላይን ነው። ሎግላይን ማለት የፊልሙን ታሪክ በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ነው፤ ማን ነው፣ ምን ፈለገ፣ ምን አገደው። ሌላ አገር ከዚያ በኋላ ፊልሙ ይሠራል አሉ። እዚህ ግን ካሜራው አንድ፣ እሱም የሰርግ ስለሆነ፣ ዓረፍተ ነገሯ ትነበባለች፣ አስተያየት ይዘንብባታል፣ ይጨበጨብላታል፣ ሻይ ይጠጣባታል፣ በዚያው ትቀበራለች።

ሊቀ መንበሩ መምህር ገነነ ነው። አማርኛ ያስተምራል። በልጅነቱ ሁለት ክረምት ቅኔ ቤት ተቀምጧል፤ ቅኔው ባይገባውም አቀማመጡ ገብቶት ወጥቷል። የጉባኤውን ሕግ ያመጣው ከዚያ ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው የተቀኘውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያቃናል፤ ተማሪው እጅ ነሥቶ የተቃናውን ይዞ ይሄዳል። የተቃናውን ጥሎ ጠማማውን መልሶ የሚያመጣ ተማሪ የለም። ገነነ ይህን ሥርዓት እንዳለ ነቅሎ ከማንጎው ሥር ተከለው። አንባቢ ቆሞ ያነባል፤ አይመልስም፣ አይከራከርም። አስተያየት ሲሰጠው እጅ ነሥቶ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል። በሚቀጥለው ቅዳሜ የታረመውን እንደታረመ ይዞ ይቀርባል። የቀድሞውን መልሶ ያነበበ ይሰናበታል።

በቅኔ ቤት የሚያቃናው አንድ ሰው እንደሆነ፣ እሱም ዓይኑ እስኪፈዝ የተማረ እንደሆነ ገነነ ረስቶታል። ከማንጎው ሥር የሚያቃናው ለሻዩ የመጣ ሁሉ ነው።

ማርያማዊት ወደዚህ ጉባኤ የገባችው ለጨዋታ አልነበረም። አንድ ነገር ፈልጋ ነው፤ የአባቷን ስም ልታጸዳ።

አባቷ አያ እንዳለው ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። የአገሩ የውኃ አባት ናቸው፤ ማለትም ከወንዙ የተጠለፈው የመስኖ ውኃ በየትኛው ቀን ወደማን ማሳ እንደሚሄድ የሚወስኑ፣ ተራ የሚያስጠብቁ፣ ቦዩንም በገዛ እጃቸው የሚከፍቱ ሰው። ሕዝቡ ራሱ መርጧቸው ነው። ከዓመታት በፊት ወንድማቸው ይርሳውና ጎረቤታቸው ደረሰ በዚሁ በውኃ ተራ ተጣሉ። ደረሰ በዱላ መታው፤ ይርሳው ከወደቀበት አልተነሣም። ደረሰ ታሰረ፤ ፍርዱን ጨረሰ፤ ተመለሰ። አገሩ ሁሉ ዓይኑን ከደረሰ አንሥቶ አያ እንዳለው ላይ ተከለ። ወንድሙ ከተገደለበት ሰው ምን እንደሚጠበቅ በዚያ አገር ሕፃን ልጅ ያውቃል።

የደረሰ ተራ ሐሙስ ነበር። ሐሙስ ማለዳ አያ እንዳለው አካፋቸውን ይዘው ወረዱና ውኃውን ከፈቱለት።

በሚቀጥለው ሐሙስም ከፈቱለት። ለቅሶ ቤት ሲገቡ ቦታ የሚለቅላቸው ጠፋ። ሰንበቴ ላይ በር አጠገብ ይቀመጡ ጀመር። አንድ ሰርግ ላይ ደግሞ ዘፋኟ አይታቸው እንዲህ ስትል አወረደችባቸው፤

የይርሳው ደም ፈሶ ሳይደርቅ ከመሬቱ፣
ውኃ ያጠጣለታል እንዳለው ለጠላቱ።

ሰርገኛው ሳቀ። የይርሳው ልጅ ያረጋል ከዚያን ቀን ጀምሮ አጎቱን ሰላም ማለት ተወ። አያ እንዳለውን ለምን ብሎ የጠየቃቸው ሁሉ ያገኘው መልስ አንድ ነው። «ውኃው የኔ አይደለም። የደረሰም አይደለም። ተራው ነው።»

ማርያማዊት ግን ሌላው ሰው የማያውቀውን ታውቃለች። በመጀመሪያው ሐሙስ ከኋላቸው ነበረች። የቦዩን አፈር ለማንሣት ሲያጎነብሱ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። አካፋው ድንጋይ እየመታ ይንቃጨላል። ከእጃቸው ወደቀ፤ አነሡት፤ እንደገና ወደቀ። ተንበርክከው አፈሩን በጣታቸው ጫሩትና ውኃው ሄደ። ይህን ያየ ሰው ፈሪ አይላቸውም ነበር። ፈሪ እጁን ይዞ ቤቱ ይቀመጣል እንጂ ከእጁ ጋር እንዲህ አይታገልም። ልጅቱ ያቺን እጅ ለአገር ሁሉ ማሳየት ነው የፈለገችው። ሌላ ምኞት አልነበራትም።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ቆማ አነበበች።

«ወንድሙን በውኃ ተራ የገደለበት ሰው ከእስር ሲመለስ፣ የመንደሩ የውኃ አባት የሆነ ገበሬ በተራው ቀን ውኃውን በገዛ እጁ ይከፍትለታል፤ እጁ ግን ይንቀጠቀጣል።»

ጉባኤው ሻዩን አስቀመጠ። ለአንድ አፍታ ያህል ሰው ሆነው ነበር። ሻይ አቅራቢዋ ሳትቀር ትሪዋን ይዛ ቆመች። ያቺ አፍታ ብትረዝም ኖሮ ይህ ሁሉ አይጻፍም ነበር፤ ገነነ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይበል!» አለ። «ይበል! ግን…»

የዚህን አገር ቤት ከምስጥ ይልቅ ያፈረሰው ይህ «ግን» ነው።

«ልጄ፣ ጀግናሽ ማን ነው?»

«ገበሬው ነው፣ መምህር።»

«ታዲያ ጀግና እጁ ይንቀጠቀጣል? እ? በጎጃም ምድር?»

«ወባ ይዞት እንደሆነ ነዋ!» አለ ሰዓድ።

ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ። ሰዓድ የጨርቅ ነጋዴው የሀጂ ሀምዱ ልጅ ነው፤ ሰርግ ይቀርጻል፤ የአንዷ ካሜራ ባለቤት ነው። ካሜራው የሱ ስለሆነ ቀልዱ ሁሉ ያስቃል።

«መንቀጥቀጡን አውጪው» አለ ገነነ እንባውን እየጠረገ። «ተመልካች ጠንካራ ሰው ነው የሚወድ።»

ማርያማዊት አፏን ልትከፍት ነበር። ሕጉ ትዝ አላት። እጅ ነሣች። «እግዜር ይስጥልኝ፣ መምህር።»

ቀጥሎ ያነበበው ራሱ ሰዓድ ነው። «ከአዲስ አበባ የመጣ የሀብታም ልጅ ቡሬ ላይ መኪናው ተበላሽቶ አንዲት ቆንጆ ሻይ ሻጭ ያያል፣ ፍቅር ይይዘዋል።»

«ይበል! ይበል!»

«እኔስ እንባዬ መጣ» አለች ውዳሴ። ውዳሴ የመንግሥት ሠራተኛ ናት፤ ስብሰባ ስለለመደች ከማንም በፊት እጇን ታወጣለች።

«የቱ ጋ ስትደርሺ?» አላት ሰዓድ ደስ ብሎት።

«መኪናው ሲበላሽ።»

ማርያማዊት የዋህ ናት፤ አስተያየት ስጡ ሲባል አስተያየት መስጠት መሰላት። «ልጁ ግን ምንድን ነው የሚፈልገው?» ስትል ጠየቀች።

«እንዴት ምን ይፈልጋል?»

«መኪናው ባይበላሽ እኮ ዝም ብሎ ያልፍ ነበር። ሻይ ሻጯስ? ስኳር ከማቅረብ ሌላ ምን ታደርጋለች?»

ከጉባኤው መሃል አንድ ሰው ሻዩ ትን አለው። ገነነ ወደ ማንጎው ቀና ብሎ ፍሬ መቁጠር ጀመረ። የጠየቀችው ትክክል ነበር፤ ጥፋቷም እሱ ነው። አስተያየት በዚያ ጉባኤ እንደ መስኖ ውኃ ነው፤ ከላይ ወደ ታች ይፈሳል። ፎቶ ኮፒ ቤት ያለች ልጅ ካሜራ ወዳለው ሽቅብ አትለቀውም።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ ሰዓድ፣ በሕጉ መሠረት እጅ ነሥቶ። ጥርሱ ይስቃል፤ ዓይኑ አይስቅም።

በሁለተኛው ቅዳሜ እጁ ከዓረፍተ ነገሯ ወጥቶ ነበር። ሰዓድ ወንበሩን አስጠጋ።

«እኔ እንደ ባለሙያ ልናገር። ውኃ ካሜራ ላይ ውኃ ነው። ማንም ሰው ውኃ ሲፈስ ለማየት ቲኬት አይቆርጥም፤ ወንዝ ዳር ሄዶ በነፃ ያያል። ጠመንጃ ይግባበት።»

«ጠመንጃ የላቸውም እኮ» አለች ሳታስበው።

«እነማን?»

«ገበሬው… የለውም።»

«ይገዛለታ! ፊልም አይደል?» ሳቅ። «ደግሞ ዝም ብሎ አይያዝ። ወልውሎ ወልውሎ፣ በፀሐይ አብለጭልጮ… አየሽ እንዴት እንደሚያምር?»

ገነነ ጣቱን አነሣ። አንባቢ አይከራከርም ማለቱ ነው። ማርያማዊት እጅ ነሣች።

በሦስተኛው ቅዳሜ ጠመንጃ የያዘ የውኃ አባት ቀረበ። አሁን ደግሞ ውዳሴ እጇን አወጣች። «እኔ ያልገባኝ» አለች፣ «ይኼ ሰውዬ ጠመንጃ ካለው ለምን ውኃ ያጠጣዋል? ሰው ያለ ምክንያት ጠላቱን አያጠጣም። ምክንያት ስጪው።»

«ምክንያቱ ተራው ስለሆነ ነው» አለች ማርያማዊት።

«እሱ ምክንያት አይደለም፣ የኔ እመቤት። ተራ ምን ምክንያት ይሆናል? እኛ ቢሮ ተራ አለ፤ ማንም ተራ ስለሆነ ብሎ አይሠራም።»

ውዳሴ ይህን ያህል እውነት ተናግራ አታውቅም፤ ያወቀባት ግን የለም። ምክንያቱም በዚያች ሰዓት መምህር ገነነ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ቅኔ ቤት ሳለ ሌሎች ሲቀኙ ዓይናቸውን እንዲህ ሲጨፍኑ አይቷል። ግንባሩን አሸት አሸት አደረገና በድንገት ጮኸ።

«ሊያዘናጋው ነው!»

«እህ?» አለች ውዳሴ።

«ውኃ የሚያጠጣው ሊያዘናጋው ነዋ! ጠላት ውኃ ጠጥቶ፣ ሽንኩርቱ አምሮለት፣ ታረቅን ብሎ ሲተኛ…»

«ይበል!» ሰዓድ ጠረጴዛውን በጡጫ መታው፤ ብርጭቆ ተገለበጠ። «ይበል! ይኼ ነው ፊልም ማለት!» ውዳሴ ተነሥታ አጨበጨበች። ጉባኤው ተከተላት። ከአጥር ውጭ ያለ ባለ ጋሪ ሳይቀር አንገቱን አስግጎ አጨበጨበ፤ ምን እንደተባለ አልሰማም።

ማርያማዊት መሃል ቆማለች። እዚህ ላይ አንሸፍንላትም፤ ደስ ብሏት ነበር። ፈሪ የተባለ ሰው ልጅ ሆና አድጋ፣ በሰው ፊት ሲጨበጨብላት የመጀመሪያዋ ነው። ጆሮዋ ሞቀ። በልቧም «ፊልሙ ሲሠራ እጁን እመልሰዋለሁ» አለች። ፊልሙ ሲሠራ! እንዲህ ብለን የቀበርነው እውነት ተቆፍሮ ቢወጣ ሌላ አገር ይሞላል። እጅ ነሥታ «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። በዚያ ቀን እጅ ስትነሣ ማንም አላስገደዳትም።

ዓረፍተ ነገሯ በመጨረሻ እንዲህ ሆና ወጣች።

«ወንድሙን የገደለበትን ሰው የመስኖ ውኃ እያጠጣ የሚያዘናጋ የውኃ አባት፣ ጠመንጃውን ወልውሎ ደሙን የሚመልስበትን ቀን ይጠብቃል።»

ገነነ የአገሩ ሬዲዮ ላዘጋጀው የአጭር ፊልም ውድድር ላካት። አንደኛ ወጣች። ፊልሙ አልተሠራም፤ ውድድሩ የሎግላይን እንጂ የፊልም አልነበረም። ሽልማቱ የምስክር ወረቀትና ፔርሙስ ሆነ። ከሽልማቱ የባሰው ግን ሬዲዮው ነው። አንድ ድምፁ የሚያስገመግም ሰው፣ ከኋላው ዋሽንት አስነፍቶ፣ ዓረፍተ ነገሯን በሬዲዮ አነበባት። ሲጨርስ «የዚህ ታሪክ ባለቤት ማርያማዊት እንዳለው ናት፤ የቡሬ አካባቢ የገበሬ ልጅ» አለ።

የገጠሩ ሰው ሬዲዮ ይሰማል። የውኃ አባት የሆነ፣ እንዳለው የሚባል፣ ወንድሙ የተገደለበት፣ ማርያማዊት የምትባል ልጅ ያለችው ሰው ደግሞ ከቡሬ እስከ ዓባይ ማዶ አንድ ነው።

በእሑዱ ፔርሙሷን ታቅፋ ወደ አገሯ ሄደች። ያን ሰሞን መንገዱ ክፍት ነበር። ቡሬ ከሚኒባስ እንደወረደች ያረጋል፣ የአጎቷ የይርሳው ልጅ፣ ከባጃጆቹ መሃል እየሮጠ መጥቶ ትከሻዋን ሳማት። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

«እኅቴ! አኮራሽን!»

«ምኑን?»

«ምኑን ትላለች እንዴ! እኔ እኮ አጎቴን ፈሪ ናቸው እያልኩ ሳማቸው ኖሬአለሁ። ለካ እያዘናጉት ነው! ለካ ያ ሁሉ ውኃ ወጥመድ ኖሯል! ኧረ እኔ አፈር ልብላ!»

«ያረጋል፣ ፊልም እኮ ነው።»

«አዎ፣ አዎ፣ ፊልም ነው» አለና ጠቀሳት።

«በማርያም! ፊልም ነው እያልኩህ!»

«ገባኝ አልኩሽ እኮ። እንዲህ ያለ ነገር በግልጥ ይነገራል እንዴ? ጥሩ አድርገሽ ሸፍነሽዋል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የአባቴን ጠመንጃ ወልውዬ ወሰድኩላቸው።»

ፔርሙሷ ከማርያማዊት እጅ ሊያመልጥ ምንም አልቀረውም። «ተቀበሉህ?»

«ዝም አሉ። የሳቸውን ዝምታ እኮ ዛሬ ነው የተረዳሁት።»

ይህን ስህተት ሌላ አገር አይሳሳቱትም። እዚህ ግን ሰው ነገሩን ሸፍኖ ይናገራል፤ ሰሚው ገልጦ ያያል፤ ከሥሩ ወርቅ ሳያገኝ አይመለስም። ሰውዬው «ደመና ነው» ካለ ስለ ደመና አይደለም። የገዛ ልጁ በአገር ሬዲዮ ጠመንጃ ተወልውሏል ካለች በኋላ፣ ፊልም ነው ብሎ መማል የበለጠ መሸፈን ነው። የበለጠ የተሸፈነ ደግሞ የበለጠ እውነት ነው።

አያ እንዳለው መደብ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። በጨርቅ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ከመደቡ ሥር ተሸጉጧል። ጉልበታቸውን ስማ ፔርሙሷን ፊታቸው አኖረች።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ሽልማት ነው፣ አባባ።»

ገልበጥ አድርገው አዩት። አበባውን በጣታቸው ነካ አደረጉት። «ዛሬ ሰንበቴ ላይ» አሉ፣ «ከቄሱ አጠገብ አስቀመጡኝ። ስንት ዘመን በር ላይ ስቀመጥ ኖሬ፣ ዛሬ እጄን ይዘው ወሰዱኝ። እኩያዬ የሆነ ሰው ‹አያ እንዳለው፣ አላወቅንዎትም ነበር፣ ይማሩን› ብሎ ጉልበቴን ሳመኝ።»

«እርስዎስ ምን አሉ?»

«ምን እላለሁ? አልገድልም ልበል? ‹ብልህ ነው፣ አሁንም ያዘናጋል› ይሉኛል። እገድላለሁ ልበል?» ፔርሙሱን ወደሷ መለሱት። «ደረሰ ሽማግሌ ልኮብኛል። ምን ብሎ መሰለሽ? ‹ለልጆቼ ስትል ቀኑን ንገረኝ› ብሎ።»

ማርያማዊት ማልቀስ ጀመረች። «አባባ፣ እኔ መጀመሪያ እንደዚህ አላልኩም ነበር።»

«ምን ነበር ያልሽው?»

ነገረቻቸው። የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር እንደነበረች፣ እስከ መጨረሻዋ ቃል ድረስ። አያ እንዳለው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተመለከቱት።

«አይተሽኝ ነበር?»

«አይቼዎታለሁ።»

«እኔ ማንም ያየኝ አልመሰለኝም» አሉ። «ይህማ ደግ ነበር። እንዲያው ነው የነበረው። ማን አስጣለሽ?»

«አስተያየት ሰጡኝ።»

«አንቺስ ምን አልሻቸው?»

እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። አባቷ ጠበቋት፤ የውኃ አባት መጠበቅ ያውቃል።

«እግዜር ይስጥልኝ አልኳቸው።»

«እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ደገሙት፤ እንደማያውቁት ቋንቋ።

ሱቋን ዘግታ እስከ ሐሙስ ቆየች። ሐሙስ ማለዳ አብረው ወረዱ። የደረሰ ሽንኩርት ከሩቅ ቢጫ ሆኖ ይታያል፤ ደረሰ ሬዲዮው ካወራ ወዲህ ውኃ ለመቀበል ብቅ ብሎ አያውቅም። አያ እንዳለው ጎንበስ ብለው አፈሩን በአካፋ አነሡት። አንድ ጊዜ ነው ያነሡት። እጃቸው አልተንቀጠቀጠም።

ውኃው እየተንደረደረ ሄደ፤ ከደረሰ ወሰን ሲደርስ ቆመ። ደረሰ የማሳውን መግቢያ በድንጋይና በአፈር ደፍኖታል። ውኃው ጥቂት ተንገዋለለና ወደ መንገዱ ፈሰሰ። ከማዶ አንዲት ሴት ደጅ ላይ የተሰጣ ልብስ ሰብስባ ገባች፤ በሩ ተዘጋ። አያ እንዳለው ሊጣሩ አፋቸውን ከፈቱ። መልሰው ዘጉት። ደረሰን በስሙ ጠርተው ና ቢሉት፣ ከእንግዲህ ማን ያምናቸዋል?

«እጄን አየሽው?» አሉ።

«አየሁት፣ አባባ።»

«ያኔ ታግዬ የያዝኩት ቂም ነበረኝ። አሁን ምን አለኝ? አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። እነዚያ ሰዎች ሲያጨበጭቡልሽ አንቺም ደስ ብሎሽ ነበር?»

ማርያማዊት ወደ መንገዱ የሚፈሰውን ውኃ ስታይ ቆየች። አያ እንዳለው መልሱን ሰሙት መሰለኝ፤ አካፋቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ቀድመዋት ወጡ።

ቅዳሜ ከማንጎው ሥር ስትደርስ በጭብጨባ ተቀበሏት። ገነነ ቦታ ለቀቀላት። «እሺ፣ አሸናፊያችን! አዲስ ነገር ይዘሽ መጣሽ?»

ቆማ የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር አነበበች። እጁ ግን ይንቀጠቀጣል እስከሚለው ድረስ።

«ይህ እኮ የታረመ ነው» አለ ገነነ። ቅር ብሎታል። «ሕጉን ታውቂያለሽ። የታረመ አይመለስም።»

«አባቴ ናቸው ያረሙት።»

«አባትሽ የጉባኤው አባል ናቸው?»

«የታሪኩ ባለቤት ናቸው፣ መምህር። ሰው ሊሞት ነው። ለሬዲዮው ንገሩልኝና ይህችን ያንብቡልኝ። ያኛዋ ውሸት ናት ብላችሁ ፈርሙልኝ።»

ውዳሴ ጥፍሯን አየች። ሰዓድ በዚህ ጊዜ አልቀለደም፤ ይህን እንመስክርለት። ካሜራውን ከጠረጴዛው አንሥቶ ጭኑ ላይ አደረገው፤ የሚታቀፈው ነገር ፈልጎ መሰለ። ገነነ አሰበ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ፊቱ በራ።

«መልካም ነው። አባባልሽ ያሳዝናል። እንግዲያው ማስተባበያውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፈሽ በሚቀጥለው ቅዳሜ አምጪውና አስተያየት እንስጥበት።»

ማርያማዊት እጅ አልነሣችም። ወረቀቷን አጣጥፋ ወጣች። ሻይ አቅራቢዋ እስከ በር ሸኘቻት፤ የሻዩንም አልተቀበለቻትም። ለሬዲዮው ራሷ ደወለች፤ የውድድሩ ዝግጅት አልቋል፣ የከርሞ ሰው ይበለን አሏት።

ይኸው ነው የታላቋ ሰው ታሪክ። አሁንም ፎቶ ኮፒ ቤቷ አለች፤ ፔርሙሱ ከማሽኑ ጎን ቆሟል፤ ሻይ ተቀድቶበት አያውቅም። አያ እንዳለው ሐሙስ ሐሙስ ይከፍታሉ፤ ውኃው መንገዱን ያጠጣል። ጠመንጃው ከመደቡ ሥር ነው። ያረጋል ከሰንበቴ መልስ ጎራ እያለ «አያ፣ መቼ ነው? ሐሙስ ነው?» ይላል። ሰሞኑን ደግሞ መጠየቁን ትቶ ከመደቡ ሥር ማየት ጀምሯል።

እንግዲህ አንተ አንባቢ፣ እስካሁን ዝም ብለህ የሰማህ፣ አስተያየት እንዳለህ ከፊትህ ያስታውቃል። አንተም ጀግናው ምን ጎደለው፣ ልጅቷ የት ጋ ተሳሳተች ልትል ነው። እሱን ለማንጎው ሥር አቆየው። ከቻልክ አንዲት ዓረፍተ ነገር ስጠን፤ ደረሰን ከበሩ የምታወጣ፣ ያረጋልን ጠመንጃውን አስይዛ ወደ ቤቱ የምትመልስ። ማማር የለባትም። ጀግና አያስፈልጋትም፤ ጭብጨባም አትፈልግም። ሐሙስ ሳይነጋ ትድረስ ብቻ፤ ዛሬ ደግሞ ረቡዕ ነውና እባክህ…